የባዮሎጂ ተማሪ ስታቲስቲክስን እንዴት ይማራል?

ብዙ የባዮሎጂ ተማሪዎች የስታቲስቲክስ ኮርሱን በጥሩ ውጤት ያልፉና የመመረቂያ ጥናታቸው መረጃ እጃቸው ሲገባ ከየት እንደሚጀምሩ ይጠፋቸዋል። ክፍል ውስጥ የለመዱት የተሰጣቸውን ቁጥር ቀመር ውስጥ ማስገባት ነው። ቁጥሩ ከየትኛው ተክል ወይም ከየትኛው ዓሣ እንደመጣ የጠየቃቸው የለም። ስለዚህ ከሙከራው ተነስቶ ወደ ቀመሩ መሄድ ይሻላል።

1. አር (R) የተባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ጫኑ። ነጻ ነው፤ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የመለማመጃ መረጃም አብሮት ይመጣል። ሌላው ሶፍትዌር ኤስፒኤስኤስ (SPSS) በማውዝ ስለሚሠራ ቶሎ ይለመዳል፤ ነገር ግን ይከፈልበታል፤ ትእዛዙን ካላስቀመጣችሁም አማካሪያችሁ ከወራት በኋላ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ሲሏችሁ መልስ ታጣላችሁ። በአር የጻፋችሁትን ትእዛዝ ፋይል አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁ ያንኑ ስሌት በማንኛውም ጊዜ መድገም ትችላላችሁ።

2. መልሱ በሚታወቅ መረጃ ተለማመዱ። አር ውስጥ ፕላንትግሮውዝ (PlantGrowth) የሚባል መረጃ አለ፦ 30 ተክሎች በ3 ቡድን፣ በየቡድኑ 10፣ የተለካው ደረቅ ክብደታቸው። መጀመሪያ ነጥቦቹን በግራፍ እዩ። አማካዮቹ ለኮንትሮሉ (ምንም ላልተደረገለት ማነጻጸሪያ ቡድን) 5.03፣ ለሁለቱ ትሪትመንቶች (የሚሞከረው ነገር ለተደረገላቸው ቡድኖች) 4.66 እና 5.53 ናቸው። አኖቫ (የብዙ ቡድን አማካዮችን በአንድ ጊዜ የሚያወዳድር ስሌት) ሥሩ፤ አኖቫው የሚያወጣው ኤፍ 4.85፣ ፒ (በእውነቱ ልዩነት ባይኖር ይህን ያህል ወይም የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድል) 0.016 ካልወጣ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል። ከዚያ በቱኪ ዘዴ ቡድኖቹን ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ አወዳድሩ። ሁለቱም ትሪትመንቶች ከኮንትሮሉ በግልጽ አልተለዩም (ፒ 0.39 እና 0.20)፤ የተለያዩት እርስ በርሳቸው ነው (0.012)። አኖቫውን ብቻ አይቶ «ትሪትመንቱ ሠርቷል» ብሎ የሚጽፍ ሰው መረጃው ያላለውን ነው የሚጽፈው።

3. የናሙናችሁን ብዛት በትክክል ቁጠሩ። ጥናቶች በብዛት የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው፤ የትኛውም ሶፍትዌር ደግሞ አያስጠነቅቃችሁም።

ሁለት ዓይነት ማዳበሪያ በጤፍ ላይ ልታወዳድሩ ነው እንበል። ለእያንዳንዱ ማዳበሪያ 5 ባልዲ አዘጋጃችሁ፤ በየባልዲው 10 ተክል አለ። በድምሩ 100 ተክል ለክታችኋል። ናሙናው ስንት ነው? ማዳበሪያው የተጨመረው ለባልዲው ስለሆነ ለእያንዳንዱ ማዳበሪያ ያላችሁ 50 ሳይሆን 5 ነው። በአንድ ባልዲ ያሉ 10 ተክሎች አፈሩን፣ ውኃውንና ብርሃኑን ይጋራሉ፤ አንዱ ሲያድግ ሌላውም አብሮ የማደግ ዕድሉ ሰፊ ነው። 50 ለ50 ብላችሁ ቲ ቴስት (የሁለት ቡድን አማካዮችን የሚያወዳድር ስሌት) ከሠራችሁ ነጻ ዲግሪው (የሁለቱ ናሙናዎች ድምር ሲቀነስ 2) 98 ይሆንና ቲ 1.98 ሲደርስ ልዩነት አለ ትላላችሁ። በትክክለኛው ቁጥር ግን ነጻ ዲግሪው 8 ነው፤ ቲ 2.31 መድረስ አለበት። የባሰው ጉዳት ግን ስታንዳርድ ኤረሩ (አማካዩ ከናሙና ናሙና ምን ያህል እንደሚለዋወጥ የሚያሳየው ቁጥር) ላይ ነው፦ በ50 ስኩዌር ሩት ስለተካፈለ ከእውነቱ በጣም አንሶ ይታያል፤ ያኔ ቲው ራሱ ያለ አግባብ ያድጋል። ስቱዋርት ኸርልበርት የተባለው የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ይህንን ስህተት በ1984 ሐሰተኛ ድግግሞሽ ብሎ ስም ሰጥቶታል። በአንድ ገንዳ ያሉ 30 ዓሦችም፣ ሦስት ጊዜ የተመዘነ አንድ ቅጠልም እንደዚያው ናቸው።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ የየባልዲውን አማካይ አውጡና 5ቱን ከ5ቱ ጋር አወዳድሩ። ገና ካልተከላችሁ ደግሞ 10 ተክል ካላቸው 5 ባልዲዎች 5 ተክል ያላቸው 10 ባልዲዎች ይሻላሉ። የትኛው ባልዲ የትኛውን ማዳበሪያ እንደሚያገኝ፣ የት እንደሚቀመጥም በዕጣ ይወሰን። አንደኛውን ቡድን በሙሉ መስኮት አጠገብ ካስቀመጣችሁት የማዳበሪያውን ውጤት ከብርሃኑ የሚለይ ስሌት የለም።

4. ፒ ቫልዩን በራሳችሁ ፍጠሩት። ትርጉሙን ከመሸምደድ ይህ በእጅጉ ይበልጣል። አማካዩ 50፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (የነጠላ ቁጥሮቹ መበታተን) 10 ከሆነ አንድ የቁጥሮች ስብስብ (ፖፑሌሽን) ውስጥ ሁለት ናሙና፣ እያንዳንዱ 8 ቁጥር ያለው፣ ኮምፒውተሩ እንዲያወጣ አድርጉና ቲ ቴስት ሥሩ። ይህንኑ 1000 ጊዜ ድገሙት። በእውነቱ ምንም ልዩነት ባይኖርም 50 ያህሉ ከ0.05 በታች ይወጣሉ። አሁን በአንዱ ቡድን ላይ 5 ጨምሩና ድገሙት። እውነተኛ ልዩነት አለ፤ ሙከራው የሚያገኘው ግን ከ1000ው 200 ጊዜ እንኳ አይሞላም። ልዩነቱን 80 በመቶ ያህሉን ጊዜ ለማግኘት በየቡድኑ 64 ያስፈልጋችኋል። «ፒ ከ0.05 በላይ ስለሆነ ልዩነት የለም» ማለት ለምን ስህተት እንደሆነ ከዚህ በኋላ ማስረዳት አያዳግታችሁም።

5. መረጃ ስትጽፉ አንድ ረድፍ ለአንድ ልኬት፣ አንድ ዓምድ ለአንድ ነገር። ከኤክሴል ግን ተጠንቀቁ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 30ን በቁጥር (30/2 ብላችሁ ከነዓመቱ) ብትጽፉ በፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር (ፌብሩዋሪ) 30ኛ ቀን ስለሌለ እንደ ጽሑፍ ይተወዋል፤ ሌሎቹን ቀኖች ደግሞ ዝም ብሎ እንደ ፈረንጅ ቀን ይቆጥራቸዋልና በመካከላቸው ያሉትን ቀናት ስታሰሉ ይሳሳታል። «ከተዘራ በኋላ ስንተኛ ቀን» የሚል ዓምድ ይኑራችሁ። በጄኔቲክስ የምትሠሩም ኤክሴል የጂን ስሞችን ወደ ቀን ሲቀይር አይታችሁ ይሆናል፤ የሰውን ጂኖች ስም የሚያጸድቀው ኮሚቴ በዚሁ ምክንያት የአንዳንዶቹን ስም ለውጧል።

6. የቴስት ምርጫው ከዚህ በኋላ አያስቸግርም። ሁለት ቡድን፣ የሚለካ ነገር፦ ቲ ቴስት። ከሁለት በላይ፦ አኖቫ። በየምድቡ የተቆጠረ ብዛት፦ ካይ ስኩዌር። ሁለቱም የሚለኩ፦ ሪግሬሽን። ኖርማል (በደወል ቅርጽ የተሰራጨ) መሆን ያለበት ከሞዴሉ የሚተርፈው ቀሪ ልዩነት ነው፣ ለምሳሌ እያንዳንዱ ልኬት ከቡድኑ አማካይ ያለው ልዩነት፤ ሁሉንም ቡድን ቀላቅላችሁ ጥሬ መረጃውን አትፈትሹ።

7. ውጤቱን ስትጽፉ የልዩነቱን መጠን ከ95 በመቶ የመተማመኛ ወሰኑ ጋር አስቀድሙ፤ ፒ ቫልዩው ይከተል። ግራፉ ላይ ከአማካዩ ወደላይና ወደታች የሚወጣው መስመር (ኤረር ባር) ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይሁን ስታንዳርድ ኤረር ከሥሩ ጻፉ፤ በ25 ናሙና ሁለተኛው የመጀመሪያው አንድ አምስተኛ ስለሆነ ያልተነገረው አንባቢ በቀላሉ ይሳሳታል።