አውቶክሌቩ እየሠራ ዕቃው ለምን አይመክንም? ለጥርስና ለአነስተኛ ክሊኒኮች ችግርና መፍትሄ

ጥርስ የተነቀለበት ፎርሴፕስ ከአንዱ ታካሚ አፍ ወጥቶ ወደ ሌላው የሚደርሰው በዕቃ ማጠቢያ ክፍል በኩል አልፎ ነው። ይህ ክፍል በብዙ ክሊኒኮች ለአዲስ ተቀጣሪ የሚጣልና ሥልጠና የማይመደብለት መሆኑ ያሳዝነኛል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ለ7 ቀናት ሰውን የመያዝ አቅሙን ሳያጣ ይቆያል፤ ደሙ በዓይን የማይታይ ቢሆን እንኳ። ከዚህ በታች የጻፍኩት ዕቃ ለሚያጥቡ፣ ለሚያሽጉና አውቶክሌቭ፣ ማለትም በግፊት በታመቀ እንፋሎት ዕቃን የሚያመክነውን ማሽን፣ ለሚጭኑ ባልደረቦቼ ነው።

ጌጁ 15 ያሳያል፤ የስፖር ምርመራው ግን ጀርሙ አልሞተም ይላል

ጌጁ የማሽኑ ግፊት መለኪያ ነው። ስፖር ሙቀትን አጥብቆ የሚቋቋም የጀርም ዓይነት ሲሆን፣ የስፖር ምርመራ ደግሞ ይህን ከዕቃው ጋር አስገብቶ መሞቱን ማየት ነው። አገራችን ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከፍታ ነው። በመመሪያዎች ላይ የምናነበው «15 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ አሃድ)፣ 121 ዲግሪ» ለባሕር ጠለል የተሰላ ቁጥር ነው። ጌጁ የሚለካው በማሽኑ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ምን ያህል እንደሚበልጥ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ጌጁ 15 ሲያሳይ ውስጥ ያለው እንፋሎት 117 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አራት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ስፖርን ለመግደል የሚያስፈልገውን ጊዜ ከእጥፍ በላይ ያረዝመዋል።

መፍትሄው በየ300 ሜትሩ ከፍታ ግማሽ ፒ.ኤስ.አይ. መጨመር ነው። በአዲስ አበባ ወደ 19፣ በድሬዳዋ ወደ 17፣ በደብረ ብርሃን ወደ 20 የተጠጋ ግፊት ያስፈልጋል። ጊዜው የሚቆጠረው ሙቀቱ 121 ከደረሰ በኋላ ነው፦ ላልታሸገ ዕቃ 20 ደቂቃ፣ ለታሸገ 30 ደቂቃ። ቴርሞሜትር ያለው ማሽን ካላችሁ ግፊቱን ትታችሁ ሙቀቱን እመኑ። የማሽኑ ቫልቭ ከ15 በላይ የማያስኬድ ከሆነ ግን ቫልቩን ፈጽሞ አትነካኩት፤ ማሽኑ ሊፈነዳ ይችላል። አምራቹን ወይም የሕክምና መሣሪያ ባለሙያ ጠይቁ። ሰዓት ማራዘምም ቢሆን በስፖር ምርመራ እስኪረጋገጥ ድረስ አይታመንም።

ከፍታውን አስተካክላችሁ ምርመራው አሁንም ከወደቀ በውስጥ የታፈነ አየር ይኖራል። አየር ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፤ ሙቀቱን ግን ያወርዳል። ምድጃ ላይ በሚጣደው ዓይነት አውቶክሌቭ ላይ እንፋሎቱ ያለማቋረጥ በኃይል እስኪወጣ ድረስ ማስተንፈሻውን አትዝጉ። ትሪዎቹን አታጨናንቁ፤ የክዳኑ ጎሚኒ መሰንጠቁንም እዩ።

መብራት በመካከል ከሄደስ? ያለፈው ደቂቃ አይቆጠርም። ዑደቱ ከዜሮ ይጀመራል፤ ታካሚ ወረፋ ይዞ ቢጠብቅም።

«ቀቅለነዋል» የሚል መልስ አሁንም እሰማለሁ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በ100 ዲግሪ መቀቀል እንኳ የቴታነስን ዓይነት ስፖር ለመግደል አያስተማምንም። አጥንትና ደም የሚነካ መሣሪያ በመቀቀል አይመክንም።

ቴፑ ቀለሙን ቀይሯል፤ በመቀሱ መታጠፊያ ላይ ግን እድፍ አለ

በጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው ቴፕ የሚናገረው ጥቅሉ በሙቀት ውስጥ ማለፉን ነው፤ መምከኑን አይደለም። ለዚህ በጥቅሉ ውስጥ የሚገባ ኬሚካላዊ ኢንዲኬተርና ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ የስፖር ምርመራ ያስፈልጋል። እድፉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዕቃው ሳይጸዳ ገብቷል ማለት ነው። ሙቀት ደሙን ብረቱ ላይ ያጋግረዋል፣ ከሥሩ ያለውንም ጀርም ከእንፋሎቱ ይጋርደዋል። ጥቅሉን ፈትታችሁ ከማጠብ ጀምሩ። መታጠፊያ ያለው ዕቃ ተከፍቶ፣ ከውሃው ገጽ በታች ሆኖ በብሩሽ ይፈተግ፤ ከውሃ በላይ ሲፈተግ ፍንጣሪው ወደ ዓይን ይሄዳል። ቀጭኑን የምርመራ ጓንት ሳይሆን ወፍራሙን የጎማ ጓንት አድርጉ።

መሣሪያው ይዝጋል

በአብዛኛው ጥፋተኛው በረኪና ነው። ለዓመታት የተማርነው የተጠቀሙበትን ዕቃ በ0.5 በመቶ ክሎሪን ለ10 ደቂቃ መዘፍዘፍ ነበር፤ በሥራ ጥድፊያ 10 ደቂቃው ወደ ግማሽ ቀን ይረዝማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከመታጠቡ በፊት ዕቃን በክሎሪን መዘፍዘፍን አይመክርም፤ ክሎሪኑ ብረቱን ይበላል፣ ደም ሲያገኘውም ኃይሉን ያጣል። ዕቃው እንዳይደርቅ አርጥባችሁ አቆዩትና ቶሎ እጠቡት። በረኪናው ለወለልና ለደም ፍሳሽ ይዋል። 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ ነው። የዛገውን ዕቃ አስወግዱት፤ ሸካራ ወለል በትክክል አይጸዳም።

በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦክላሆማ በአንድ የጥርስ ቀዶ ሕክምና ክሊኒክ የዛጉ መሣሪያዎችና ለዓመታት የስፖር ምርመራ ያልተደረገለት አውቶክሌቭ ተገኙ። 7,000 ያህል ታካሚዎች ለደም ምርመራ ተጠሩ፤ ሄፓታይተስ ሲ ከታካሚ ወደ ታካሚ መተላለፉም ተረጋገጠ። ማሽን በዚያ ክሊኒክም አልጠፋም ነበር።

ጥቅሉ እርጥብ ሆኖ ይወጣል

እርጥብ ጥቅል እንዳልመከነ ይቆጠራል፤ ጀርም በእርጥበቱ አልፎ ይገባል። አትደራርቡ፣ ማድረቂያው ሳያልቅ አትክፈቱ፣ በቀዝቃዛ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ።

ከጥርስ ወንበሩ የሚወጣው ውሃ ይሸታል ወይም ዝልግልግ ነገር ይዟል

በቀጭኑ ቱቦ ግድግዳ ላይ የጀርም ንጣፍ ተጋግሯል። ውሃው በዝግታ ይሄዳል፣ ሌሊቱን ይተኛል፤ በፈረቃ የሚመጣ ውሃ በጣሪያ ታንከር ሲጠራቀም ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በ2015 እ.ኤ.አ. በጆርጂያ፣ በ2016 ደግሞ በካሊፎርኒያ የወተት ጥርሳቸው ነርቭ የታከመላቸው ሕፃናት ከእንዲህ ዓይነት ውሃ በመጣ ማይኮባክቴሪየም በሚባል ባክቴሪያ ተይዘው መንጋጋቸው ተጎድቷል። እነዚያ ልጆች ወደ ወንበሩ የወጡት ጥርሳቸው እንዲድን ነበር።

ወንበሩን ከቧንቧ ነጥላችሁ የራሱ ጠርሙስ አድርጉለት፤ የቱቦ ማጽጃውን አምራቹ ባዘዘው መጠን ተጠቀሙ። ከእያንዳንዱ ታካሚ በኋላ ውሃውንና አየሩን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ልቀቁ። ይህ ግን የተጋገረውን አያነሳም፤ ከታካሚ አፍ የተሳበውን ብቻ ያስወጣል። ውሃው በአንድ ሚሊ ሊትር ከ500 በላይ የጀርም ኮሎኒ (በላቦራቶሪ ሲያድግ የሚቆጠር የጀርም ክምችት) ሊኖረው አይገባም። ለቀዶ ሕክምና የወንበሩን ውሃ አትጠቀሙ፤ የመከነ ሳላይን (የሕክምና ጨው ውሃ) ነው የሚያስፈልገው።

መሰርሰሪያው ራሱ፣ ማለትም ሀንድፒሱ፣ ከታካሚ ታካሚ በአልኮል ተጠርጎ አያልፍም። ምራቅና ደም ወደ ውስጡ ይስባል፤ ስለዚህ ተጸድቶ፣ ዘይት ተቀብቶ ይመክናል። «ሁለት ብቻ ነው ያለን» ከሆነ የቀጠሮውን ቁጥር ቀንሱ ወይም ሦስተኛ ግዙ። የተረፈ ማደንዘዣ ያለበት ካርትሪጅም ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ መርፌው ቢቀየር እንኳ።

የስፖር ምርመራው ወድቋል

ማሽኑን ከሥራ አውጡ። ካለፈው ትክክለኛ ውጤት ወዲህ የታሸገውን ሁሉ ከመደርደሪያ ሰብስባችሁ በሌላ ማሽን እንደገና አምክኑ። ጭነቱንና ጊዜውን ፈትሹ፣ ምርመራውን ድገሙ፣ ውጤቱን በመዝገብ ጻፉ። መዝገብ የሌለው ክሊኒክ የትኛው ጥቅል ለየትኛው ታካሚ እንደዋለ ማወቅ አይችልም።

ሠራተኛው በተጠቀሙበት መርፌ ወይም ስለታም ዕቃ ተወግቷል

ቦታውን በውሃና በሳሙና እጠቡ፤ አትጭመቁ፣ በረኪና አታፍሱበት። ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የኤች.አይ.ቪ. መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢሆን ይመረጣል። ይሁንና ላልተከተበ ሰው ከኤች.አይ.ቪ. ይልቅ በብዙ እጥፍ የሚተላለፈው ሄፓታይተስ ቢ ነው። የሕፃናት ክትባታችን ይህን የያዘው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ አብዛኞቻችሁ በልጅነት አላገኛችሁትም። ሦስቱን ዶዝ፣ ማለትም ዛሬ፣ በወሩና በስድስት ወሩ፣ በመርፌ ከመወጋታችሁ በፊት ጨርሱ፤ ክፍያውንም አሠሪው ይሸፍን።