ፔስሜከር ከተገጠመ በኋላ የሚሠሩ ስህተቶች

ፔስሜከር ልብ በዝግታ ሲመታ ወደ ልብ በሚገቡ ሽቦዎች ኤሌክትሪክ እየላከ ምቱን የሚጠብቅ ትንሽ ማሽን ነው። የሚገጠምለት ሰው የሚፈራው ቀዶ ሕክምናውን ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ቤት ከተገባ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። አባቴን ሳስታምም ያየሁት ይህንን ነው።

ትልቁ ስህተት ቁስሉ ሲያብጥ ዝም ማለት ነው። ማሽኑ የሚቀመጠው ከአንገት አጥንት በታች፣ ከቆዳ ሥር በተሠራ ኪስ ውስጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ማበጥና መበለዝ ያለ ነው። እብጠቱ ከጨመረ፣ ቆዳው ከተወጠረ ወይም ካመረቀዘ ግን ነገ አይባልም። አባቴን ያየ አንድ ባለሙያ «በመርፌ እንምጠጠው» ብሎን ነበር። እንኳን እሺ አላልን! መርፌው ጀርም ይዞ ሊገባ ይችላል። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥም አያዋጣም። ኪሱ በትክክል ኢንፌክሽን ከያዘው መድኃኒት ብቻውን አያድነውም፤ ማሽኑም ሽቦዎቹም መውጣት አለባቸው። ከወራት በኋላ ቆዳው ሳስቶ ብረቱ ብቅ ቢልም፣ ባያምም እንኳ፣ ያው ነው። ጸበል ለመጠመቅ ያሰበም ቁስሉ እስኪድን ይታገሥ።

ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚከላከል ክኒን) የሚወስድ ሰው ደግሞ «ደም ይፈስሰኛል» ብሎ በራሱ አያቁም። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት፣ ዋርፋሪን ሳያቋርጡ ከተገጠመላቸው ሰዎች መካከል ኪሱ ውስጥ ብዙ ደም የተጠራቀመባቸው 3.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። አቁመው በሄፓሪን፣ ማለትም ደም እንዳይረጋ በሚያደርግ መርፌ፣ ከተተካላቸው ግን 16 በመቶ። ውሳኔው የሐኪሙ ነው።

ክንድ ላይ ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች አሉ። አንዱ መቸኮል ነው። ሽቦው ልብ ውስጥ ጠንክሮ እስኪይዝ ሳምንታት ይፈጅበታል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በዚያ በኩል ያለውን ክርን ከትከሻ በላይ አያንሱ። ጀሪካን አይሸከሙ፤ በእጅ መሬት ተደግፎ መስገድም ይቆይ። ሽቦው ከተንሸራተተ የድሮው ማዞርና ራስ መሳት ይመለሳል። የማያቆም ስቅታም ምልክት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ስህተት የአባቴ ነው። ፈርቶ እጁን በነጠላ አንጠልጥሎ ወር ሙሉ ሳያንቀሳቅስ ከረመ። ሽቦው ደህና ነበር፤ ትከሻው ግን ደረቀ። ከትከሻ በታች በቀስታ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል።

«ድኛለሁ» ብሎ ቀጠሮ መዝለልም አለ። ባትሪው እንደ አጠቃቀሙ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 15 ዓመት ይሠራል፤ ማለቁ የሚታወቀው በምርመራ ነው። በዓለም የመጀመሪያው ፔስሜከር ሰውነቱ ውስጥ የተገጠመለት ስዊድናዊው አርነ ላርሰን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1958። ያ ማሽን የሠራው ለሰዓታት ብቻ ነበር። እሱ ግን ከ20 በላይ ማሽኖች እየተቀያየሩለት እስከ 2001 ኖረ።

ማይክሮዌቭ አያስፈራም። ስልክ ግን የደረት ኪስ ውስጥ አይቀመጥ፤ 15 ሴንቲሜትር ይራቅ።

በመጨረሻ፣ የማሽኑን ካርድ ቤት ጥሎ መውጣት። ኤምአርአይ (በኃይለኛ ማግኔት የሚነሳ የሰውነት ምስል) ከመነሳትዎ በፊት የማሽኑ ዓይነት መታወቅ አለበት። የአባቴ ካርድ ከመታወቂያው ጋር ቦርሳው ውስጥ ነው። ፎቶው ደግሞ እኔ ስልክ ላይ አለ።