ከቦሌ እስከ ኮሞሮስ፦ ስለ አውሮፕላን አደጋ ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አውሮፕላን ወደቀ በተባለ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። "ሰማህ? ፓይለቱ ነው አሉ።" ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ "አይ፣ ሞተሩ ነው" የሚል ይመጣል። ማታ ላይ ደግሞ "ቦንብ ነው" ይባላል። አስከሬን ሳይነሳ፣ ለቅሶ ሳይደረስ ፍርዱ አልቋል።

የበረራ ባለሙያ አይደለሁም። ግን በምሥራቅ አፍሪካና በአካባቢው ስለደረሱ አደጋዎች የተጻፈ ነገር ካገኘሁ ሳላነብ አላልፍም። ሳነብ ደግሞ አንድ ነገር ደጋግሞ ያሳዝነኛል። አደጋውን እናስታውሳለን፣ ምክንያቱን ግን የምናስታውሰው በስህተት ነው። ስለዚህ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ።

አንድ ሰበብ ብቻ መፈለግ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ሚያዝያ 10 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው። የምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገድ ቪሲ 10 ጄት ከናይሮቢ መጥቶ ቦሌ አርፏል። ከዚህ ወደ ሮም፣ ከሮም ወደ ለንደን ሊቀጥል ነው። 107 ሰው ይዟል። ለመነሳት እየተንደረደረ ሳለ የፊት ጎማው አንድ ብረት ላይ ወጣ። ብረቱ ትንሽ ነገር ነው፤ አውሮፕላን በክሪክ ሲነሳ ክሪኩ የሚደገፍበት ቁራጭ። ሴስና 185 ከምትባል ትንሽ አውሮፕላን የወደቀ ነበር። ጎማው ፈነዳ። አውሮፕላኑ በኃይል ተንቀጠቀጠ። ካፒቴኑ መነሳቱን ትቶ ፍሬን ያዘ።

እዚህ ላይ ብናቆም ታሪኩ ያለቀ ይመስላል። "ብረት ረግጦ ነው" ብለን እንሄዳለን። ግን ጎማ ፈነዳ ማለት አውሮፕላኑ አይቆምም ማለት አይደለም። ይሄኛው ግን አልቆመም። ለምን? መርማሪዎቹ ፍሬኑን ሲመረምሩ ከፊል አካሉ ሲገጣጠም በስህተት መገጠሙን አገኙ።  ፍሬኑ መስጠት የሚገባውን ኃይል አልሰጠም። አውሮፕላኑ ከማኮብኮቢያው ወጣ። የጎርፍ ቦይ ሲሻገር የነዳጅ ጋኑ ተቀደደ። ከዚያ ጫፉ ላይ ካለው አፋፍ ወርዶ ተሰባበረ፤ እሳትም ተነሳ። 43 ሰው ሞተ።

አሁን "ሰበቡ ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ብረቱ ነው? ብረቱ መሬት ላይ መውደቁን ያላየ ሰው ነው? ፍሬኑን የገጠመው እጅ ነው? የተገጠመውን ደግሞ ያላረጋገጠው ነው? ቦይና አፋፉ ባይኖሩስ? ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ባይኖር እነዚያ 43 ሰዎች፣ ወይም ብዙዎቹ፣ ሊተርፉ ይችሉ ነበር። አደጋ እንደ ሰንሰለት ነው የሚባለው ለዚህ ነው። አንዱን ቀለበት ብቻ ይዘን ስንሄድ ሌሎቹ ባሉበት ይቀራሉ።

"የፓይለት ስህተት" ብሎ ፋይል መዝጋት

ህዳር 11 ቀን 1967 ዓ.ም. ናይሮቢ። የሉፍታንዛ ቦይንግ 747 ከፍራንክፈርት መጥቶ ወደ ጆሃንስበርግ ሊነሳ ነው። 157 ሰው አሳፍሯል። ተነሳ፤ ግን ከፍ ማለት አቃተው። ንዝረት ተሰማ። ብዙም ሳይርቅ መሬት መትቶ ተሰባበረ። 59 ሰው ሞተ። 747 የሚባለው አውሮፕላን ሰው የሞተበት የመጀመሪያው መውደቅ ይሄ ነው።

ምን ሆኖ ነው? በክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ ክንፉ የበለጠ እንዲሸከም በመነሳት ጊዜ የሚዘረጉ ፍላፖች አሉ። የሚዘረጉት ከሞተር በሚመጣ አየር ግፊት ነው። የአየሩ ቫልቭ ግን ተዘግቶ ነበር። ፍላፖቹ አልተዘረጉም። ናይሮቢ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ስስ ነው። ክንፉ መሸከም አልቻለም።

ቫልቩን መክፈት የሠራተኞቹ ሥራ ነው፤ ቼክሊስቱ ላይ አለ። ስለዚህ "ጥፋቱ የነሱ ነው" ማለት ቀላል ነው። ግን እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ "ለምን?" ያስፈልጋል። ቫልቩ ተዘግቶ ሊነሱ ሲሉ አውሮፕላኑ ለምን አላስጠነቀቃቸውም? በቂ ማስጠንቀቂያ አልነበረውማ! ከዚያ በፊትም ተመሳሳይ ነገር ሁለት ጊዜ ደርሶ ፓይለቶቹ ለጥቂት ተርፈው ነበር። ከናይሮቢ በኋላ ቦይንግ ማስጠንቀቂያውን ጨመረ። "ፓይለቱ ነው" ብለን ብንዘጋው ኖሮ ይሄ ማስጠንቀቂያ አይኖርም ነበር።

ሰው ይሳሳታል። ጥያቄው አንድ ሰው ሲሳሳት የሚይዘው ነገር ለምን አልነበረም የሚለው ነው።

ዘመንና ሰዓት ማደባለቅ

ይሄ የኛው የብቻችን ጣጣ ነው፤ አጭር ነው፣ ግን ብዙ ያሳስታል። ዝቅ ብዬ የማነሳው የባሕር ዳሩ የአውሮፕላን አደጋ በኛ 1981 ነው፣ በፈረንጅ 1988። ሁለቱን ቁጥር ያየ ሰው ሁለት አደጋ አድርጎ ሲጽፍ አይቻለሁ። ሰዓቱ ደግሞ ይብሳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ የተነሳው በኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ከ38 ነው። በፈረንጅ 8፡38 ይሆናል። የምርመራ ሪፖርት ላይ ስታዩት ግን 5፡38 ይላል፤ በዓለም አቀፍ ሰዓት ስለሚጻፍ። ሦስቱም ትክክል ናቸው። "ሪፖርቱ ሰዓቱን እንኳ አዛብቷል፣ የሚደበቅ ነገር አለ" ከማለት በፊት 3 ሰዓት መደመርና 6 ሰዓት መቀነስ ነው።

በመጀመሪያው ቀን መፍረድ

302ን ካነሳሁ አይቀር፣ እዚህ ላይ ልቤ ይከብደኛል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሁድ ጠዋት ነበር። 157 ሰው በቦይንግ 737 ማክስ ወደ ናይሮቢ ተሳፈረ። ከ6 ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ መሬት ገባ። አንድም አልተረፈም። ከ30 የሚበልጡ አገሮች ዜጎች ነበሩበት።

ወዲያው ስለ ፓይለቶቹ ልምድና ሥልጠና ተወራ። በግንቦት ወር አንድ የአሜሪካ ምክር ቤት ተወካይ "አሜሪካ የሰለጠነ ፓይለት ቢሆን ኖሮ ይወጣው ነበር" የሚል ሐሳብ ሰነዘረ። ቤተሰብ ገና አፈር ይዞ እያለቀሰ ነበር።

መረጃ መቅጃው ሲነበብ ግን የታየው ሌላ ነው። አውሮፕላኑ ከፊቱ ከሚመጣው አየር አንጻር አፍንጫውን ምን ያህል ቀና እንዳደረገ የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች አሉት፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ልክ እንደተነሳ የግራው አበደ። ቀኙ 15 ዲግሪ ገደማ ሲል ግራው ወደ 75 ወጣ። ኤምካስ የሚባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ደግሞ የሚሰማው አንዱን ሴንሰር ብቻ ነበር። "አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ብሏል" ብሎ አመነና ወደ ታች ደጋግሞ ገፋው። ሁለት ሰዎች መሪውን ወደ ኋላ እየጎተቱ፣ ማሽኑ ወደ መሬት እየገፋ። ከዚያ 5 ወር ባልሞላ ጊዜ ቀድሞ በኢንዶኔዥያ የላየን ኤር 737 ማክስ 189 ሰው ይዞ የወደቀው በዚሁ ሥርዓት ነው። ከቢሾፍቱ በኋላ ማክስ በመላው ዓለም ከበረራ ታገደ፤ በአሜሪካ እገዳው የተነሳው ከ20 ወር በኋላ ነው።

የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት በ30 ቀን ውስጥ ይወጣል ተብሎ ይጠበቃል። የመጨረሻው ሪፖርት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ የ302 የመጨረሻ ሪፖርት የወጣው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ነው። መታገስ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን በመጀመሪያው ቀን ያልነው ነገር በሰው ስም ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ የሞተ ሰው ደግሞ መልስ አይሰጥም።

ሪፖርቱን እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ማንበብ

የአደጋ ምርመራ ሪፖርት ላይ "ሊሆን የሚችለው ምክንያት" የሚል አገላለጽ ታያላችሁ። አንዳንዱ "እነሱም አያውቁም ማለት ነው" ይላል። ሌላው እንደ ጥፋተኝነት ፍርድ ይወስደዋል። ሁለቱም አይደለም። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ መሠረት የምርመራው ዓላማ አደጋ እንዳይደገም ማድረግ ብቻ ነው። ማንን እንክሰስ፣ ካሳ ማን ይክፈል የሚለው የሌላ ቦታ ሥራ ነው። "ሊሆን የሚችል" የሚሉት ማስረጃው ወደ የት እንደሚያደላ ለመናገር ነው።

አገሮች ሊለያዩም ይችላሉ። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ለሊት ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 409 ባሕር ውስጥ ወድቆ 90 ሰው አለቀ። የሊባኖስ መርማሪዎች የአብራሪዎቹን የፍጥነት፣ የከፍታና የአቅጣጫ አያያዝ በምክንያትነት አስቀመጡ። የኢትዮጵያ ወገን አልተቀበለውም፤ ፍንዳታ ሊሆን ይችላል አለ። በ302ም ቢሆን የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች ኤምካስን በተመለከተ ቢስማሙም፣ ሴንሰሩን ያበላሸው ወፍ ነው፣ የሠራተኞቹ አያያዝም በደንብ ሊታይ ይገባ ነበር ብለዋል። የኢትዮጵያው ሪፖርት ከፋብሪካ የመጣ የኤሌክትሪክ ችግር ነው ይላል። ልዩነት ሲኖር የወገናችንን ብቻ አንብቦ መተው ያጓጓል። እኔ ሁለቱንም ማንበብ ይሻላል ባይ ነኝ፤ የሚጣሉበት ገጽ ብዙ ጊዜ ከሚስማሙበት ይበልጣል፣ ብዙ ያስተምራል።

አገሩን መርሳት

ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ለመነሳት የበለጠ መሮጥ አለበት። ሞተሩም የሚስበው አየር ያንሳል። የቪሲ 10ን ፍሬን ስታስቡ ይሄንንም አስቡ፤ በፍጥነት የሚሮጥ ነገር ለማቆም ይከብዳል።

ከዚያ ወፎቹ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ አዲስ ዓመት ከገባ በ5ኛው ቀን፣ አንድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ሊሄድ ተነሳ። ከመሬት ሲለቅ የርግብ መንጋ ውስጥ ገባ። "ርግብ አውሮፕላን ይጥላል እንዴ?" የሚል ሰው ብዙ ነው። አንድ ሞተር ቢጠፋ በሌላው መብረር ይቻላል፤ ሁለት የሆኑትም ለዚያ ነው። መንጋ ግን አንዱን መርጦ አይገባም። ሁለቱም ሞተሮች ርግብ ዋጡ። ለመመለስ ሲሞክሩ ኃይል አጡ፤ ጎማ ሳይዘረጋ ሜዳ ላይ በሆዱ አረፈ፤ ተቃጠለ። ከ104 ሰው 35ቱ ሞቱ።

ተራራውም አለ። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ በክረምቱ ልብ ውስጥ፣ የአሜሪካው የምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድና 15 ሰዎች ትዊን ኦተር በምትባል ትንሽ አውሮፕላን ወደ ፉኝዶ የስደተኞች መጠለያ ሲሄዱ ደመና የሸፈነው ተራራ ላይ ወደቁ። ስብርባሪው እስኪገኝ ቀናት ፈጀ። በኬንያ ማርሳቢትም በ1998 ዓ.ም. ለዕርቅ ይጓዙ የነበሩ የፓርላማ አባላትን የያዘ የጦር አውሮፕላን በመጥፎ አየር ተራራ መትቶ 14 ሰው ሞቷል። እነዚህ አውሮፕላኖች መብረር አላቆሙም ነበር። ያጡት እይታ ነው።

የሞቱትን ብቻ ቆጥሮ ማለፍ

ቁጥር እንጽፋለን፣ እናዝናለን፣ እናልፋለን። የተረፉት እንዴት ተረፉ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ቡኮባ፣ ታንዛኒያ፣ አንድ ኤቲአር አውሮፕላን በመጥፎ አየር ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ገባ። ከ43 ሰው 24ቱ ወጡ። መጀመሪያ የደረሱት ዓሣ አጥማጆች ናቸው፣ በጀልባቸው።

ከሁሉም የማይወጣልኝ ግን ኮሞሮስ ነው። ህዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም.። ይሄ ጠለፋ ነው፤ በአደጋ ዝርዝር ውስጥ እንደ ቴክኒክ ብልሽት የሚያስገቡት ተሳስተዋል። ሦስት ጠላፊዎች ወደ ናይሮቢ የሚሄደውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ወደ አውስትራሊያ ካልወሰድክ አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ አይበቃም ብሎ ለመናቸው። በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው መጽሔት 767 ለ11 ሰዓት መብረር ይችላል ይላል ብለው አላመኑትም። መጽሔቱ የሚለው ጋኑ ሲሞላ ነው። ነዳጁ አለቀ። ካፒቴኑ ሞተሮቹ የጠፉበትን አውሮፕላን የባሕር ዳርቻ ሆቴል አጠገብ ውሃው ላይ አሳረፈው። ከ175 ሰው 50ው ተረፈ።

ብዙ ሰው ከምቱ ተርፎ ነበር። ነገር ግን በርካቶች የሕይወት አድን ጃኬታቸውን ወንበራቸው ላይ ሳሉ ነፉት። ውሃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው ገፋቸው። በሩ ከውሃው በታች ነበር። ወደ ታች ጠልቆ ለመውጣት የተነፋ ጃኬት አይፈቅድም።

አስተናጋጇ ከመነሳታችሁ በፊት ጃኬቱን ይዛ ስታሳይ የምትለው ይሄንኑ ነው፦ ልበሱት፣ እሰሩት፣ ገመዱን ግን በሩ ላይ ስትደርሱ ሳቡ።