የክላቪክል ውልቃት፦ ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ከሞተር ወድቃችሁ ወይም ኳስ ሜዳ ላይ በትከሻችሁ አርፋችሁ ጫፉ ላይ አጥንት ጉብ ብሎ ከወጣ፣ አትደንግጡ። አብዛኛው የክላቪክል ውልቃት ያለ ኦፕራሲዮን ይድናል። የሚያስፈልገው ደግሞ ቶሎ ቢሠራ ይሻላል፣ ስለዚህ የእናንተ የትኛው እንደሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይለይ።

ክላቪክል ከደረት አጥንት እስከ ትከሻ ጫፍ የሚሄደው፣ ከአንገት ሥር በእጅ የሚዳሰሰው ቀጭን አጥንት ነው። ከሁለቱ ጫፎቹ በአንዱ ሊወልቅ ይችላል።

በደረት በኩል መውለቁ ብርቅ ነው። ወደ ፊት ከወጣ ብዙ ጊዜ አይነካም። ወደ ውስጥ ከገባ ግን ከኋላው የአየር ቧንቧ፣ የምግብ ቧንቧና ትልልቅ የደም ሥሮች አሉ። መተንፈስ ወይም መዋጥ ካስቸገራችሁ፣ ድምፃችሁ ከጎረነነ ወይም ክንዳችሁ ካበጠና ከደነዘዘ በዚያው ሰዓት ትልቅ ሆስፒታል ሂዱ። ሲቲ ስካን ያስፈልጋል። የሚመለሰውም ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶ፣ የደረት ቀዶ ሐኪም በአቅራቢያው ሆኖ ነው። ይሄንን ማንም ቤት ውስጥ እንዲነካው አትፍቀዱ።

የተለመደው በትከሻ በኩል ያለው ነው። ክላቪክሉ ወደ ላይ የወጣ ይመስላል እንጂ በአብዛኛው የወረደው ክንዱ ነው፤ ይዘውት የነበሩት ጅማቶች ተበጥሰው የክንዱ ክብደት ወደ ታች ይጎትተዋል። ወጌሻ ቢያሸው የማይመለሰውም ለዚህ ነው። ሲጫኑት ይገባል፣ ሲለቁት ተመልሶ ይወጣል፣ ትርፉ ሕመምና እብጠት ነው።

ራጅ ስትነሱ ሁለቱም ትከሻ ይነሳ፣ የሚወዳደር ነገር ይኖራል። ከጎን የሚነሳውም ይጨመር፣ ወደ ኋላ የወለቀው ከፊት በተነሳው ላይ ሊደበቅ ይችላል። ሐኪሙ እንደ ጉዳቱ ክብደት ከ1 እስከ 6 ደረጃ ይሰጠዋል። 1 እና 2 በማንጠልጠያና በፊዚዮቴራፒ ይድናሉ። 4፣ 5 እና 6 አብዛኛውን ጊዜ ኦፕራሲዮን ይፈልጋሉ።

ክርክሩ 3ኛው ላይ ነው። በ2015 የታተመ የካናዳ ጥናት በብረት የተሠራላቸውንና ያልተሠራላቸውን አወዳድሮ፣ ያልተሠራላቸው በመጀመሪያዎቹ ወራት ክንዳቸውን በተሻለ ሁኔታ ይጠቀሙ እንደነበር፣ ቆይቶ ደግሞ ልዩነቱ እንደጠፋ አሳይቷል። እኔ ብጠየቅ ደረጃው 3 ከሆነ ሦስት ወር ያህል በፊዚዮቴራፒ ሞክሩ እላለሁ። ሥራው ክንድ ወደ ላይ ማንሳት የሆነ ሰው፣ ቀለም ቀቢም ይሁን ግንበኛ፣ ከሐኪሙ ጋር ለብቻው ይምከርበት። ጉብታው ስላስጠላችሁ ብቻ ግን አትቀደዱ፣ በምትኩ ጠባሳ ነው የምታገኙት።

ኦፕራሲዮን ከተወሰነ በምን እንደሚሠራ ጠይቁ። አንዱ መንገድ ጫፉ እንደ ሜንጦ የታጠፈ ብረት ነው። ሌላው አጥንቱን ወደ ታች ስቦ የሚይዝ ጠንካራ ክር ነው፣ በትንሽ ቀዳዳ በካሜራም ይሠራል። ሁለቱም ይበልጥ የሚስማሙት ጉዳቱ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ነው። ከዚያ በላይ ከቆየ የተበጠሰው ጅማት በራሱ ስለማይገጥም፣ ብዙ ጊዜ ከጭን ጅማት ተወስዶ ይተካል። በቀጭን ሽቦ ብቻ እናስረው ከተባላችሁ ሌላ ሐኪም አማክሩ። ሽቦ ከቦታው ተንሸራትቶ ሳንባና ልብ ድረስ የሄደበት ጊዜ አለ፣ በደረት በኩል ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

ከመግባታችሁ በፊት ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ አለርጂ ካለባችሁ አንዱንም ሳትደብቁ ተናገሩ። ሲጋራ አቁሙ፣ ቁስሉ ቶሎ እንዳይድን ያደርጋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእናንተ ነው። ማንጠልጠያው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል። ልብስ ስትቀይሩም ሆነ ስትታጠቡ ክንዱ ሳይደገፍ ወደ ታች እንዲንጠለጠል አትተዉት፣ የተሠራውን የሚጎትተው እሱ ነው። ልብስ ስትለብሱ የታመመው እጅ ይቅደም፣ ስታወልቁ መጨረሻ ይሁን። ጣታችሁን፣ የእጅ አንጓችሁንና ክርናችሁን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንቀሳቅሱ። ከባድ ዕቃ እስከ ሦስት ወር ድረስ አይነሳ፣ ግጭት ያለበት ስፖርት ደግሞ እስከ ስድስት ወር ሊቆይ ይችላል። ትኩሳት፣ መግል ወይም የጣት መደንዘዝ ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ተመለሱ።

ሜንጦ ያለው ብረት ከገባላችሁ አንድ ነገር አደራ። ብዙ ሰው ካላመመኝ ይቀመጥ ይላል፣ የማውጫው ወጪም ይከብዳል። ይሄኛው ግን ከላዩ ያለውን አጥንት ስለሚበላ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መውጣት አለበት። ወጪውን ከመጀመሪያው ጋር ደምራችሁ አስቡት፣ የሚወጣበትንም ቀን ከሆስፒታል ሳትወጡ አስጽፉ።