ከሰበታ ወጥታችሁ የአይጥ ላብራቶሪ ለገባችሁ

ሰበታ፣ ሆለታና ቢሾፍቱ አካባቢ ላደገ ሰው ከእንስሳት ጋር መሥራት እንግዳ ነገር አይደለም። ሰበታ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አለ፤ ሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል፤ ቢሾፍቱ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅና ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት። ከእነዚህ ግቢዎች ወጥተው በዲቪ፣ በትምህርት ወይም በትዳር ባሕር የተሻገሩ ልጆች ከሚይዟቸው የሙያ ሥራዎች አንዱ በእንስሳት ፊዚዮሎጂ (የአካል አሠራር ጥናት) ላብራቶሪ ጀማሪ ሪሰርች አሲስታንት፣ ማለትም የምርምር ረዳት መሆን ነው። እኔም ያንኑ ሥራ ሠርቼ፣ ተመልሼ ዓለም ገና ተቀምጫለሁ። ማታ ማታ ስልኬ የሚጮኸው በዚሁ ጉዳይ ነው። ልጆቹ የሚጠይቁኝ ስለ ደመወዝ ነው፤ እኔ የምመልስላቸው ስለ መዝገብ ነው።

እጃችሁ አያሳስበኝም። ላም አስይዞ ከአንገቷ ደም የቀዳ፣ የሚራገጥ በቅሎ ያረጋጋ ሰው አይጥ መያዝ አያቅተውም። የሚከብደው መጠኑን መልመድ ነው። የላብራቶሪ አይጥ አድጋ ብትመዘን ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ግራም ነው። በሰውነቷ ያለው ደም በሙሉ ቢጠራቀም 2 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በአንድ ጊዜ የሚወሰደው ደግሞ በአብዛኛው ከዚያ አንድ አሥረኛው ስለሆነ፣ እጃችሁ የሚገባው 0.2 ሚሊ ሊትር የሚሆን ጠብታ ነው። ከላም የቀዳችሁት ቱቦ ቢሰበር ሌላ ትቀዳላችሁ። ይህቺ ጠብታ ከፈሰሰች ግን የዚያች አይጥ የዚያ ቀን ውጤት አለቀለት፤ ዳግመኛ ለመቅዳትም ደሟ እስኪተካ መጠበቅ ነው። ልቧም በደቂቃ ከ500 እስከ 700 ጊዜ ስለሚመታ በስቴቶስኮፕ ልቁጠር ማለት ዘበት ነው።

አይጥን በጅራቷ አንጠልጥሎ ማንሳት አሁንም በብዙ ቦታ ታያላችሁ። ከሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ በ2010 የወጣ ጥናት ግን በጅራቷ የምትነሳ አይጥ ሰው እንደምትሸሽና ጭንቀቷ እንደሚጨምር፣ በቱቦ ወይም በመዳፍ የምትነሳዋ ግን እንደምትረጋጋ አሳይቷል። የገባችሁበት ላብራቶሪ የትኛውን እንደሚከተል ከመንካታችሁ በፊት ጠይቁ። በ2014 ደግሞ የካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዚህም የሚገርም ነገር አገኙ፦ ወንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ ሲገባ፣ እንዲያውም የለበሰው ካናቴራ ብቻ ሲቀመጥ፣ ሽታው አይጦቹን ያስጨንቃቸዋል፤ የሴት ሽታ ግን እንዲህ አያደርጋቸውም። እንግዲህ ሙከራውን የሠራው ማን እንደነበር እንኳ ይጻፋል ማለት ነው። ሽቶ ተቀብቶ፣ ወይም እጣን የታጠነ ልብስ ለብሶ መግባትም ይቅርባችሁ።

የቀኑ ግማሽ ምርምር አይመስልም። ቱቦ ላይ መለያ መጻፍ፣ እንስሳት መመዘን፣ የፒፔት (ጥቂት ፈሳሽ ለክቶ የሚቀዳ መሣሪያ) ጫፍ በየሳጥኑ መሙላት፣ በረዶ ማምጣት፣ ያገለገለ መርፌ ለስለት በተዘጋጀው ሳጥን መጣል። «ዲግሪ ይዤ ኬጅ (የአይጥ ቤት) ላጥብ?» ብሎ የሚከፋው አለ። እዚያ ዶክትሬት ያላትም የተጠቀመችበትን ብርጭቆ ራሷ ታጥባለች፤ ማንም አይገረምም። ኬጅ የሚቀይሩትን የእንስሳት ተንከባካቢዎች ደግሞ ጠዋት ጠዋት እንደ አገራችሁ ደንብ ቆም ብላችሁ ሰላም በሏቸው። የትኛዋ አይጥ መኖ እንደተወች፣ የትኛዋ ጥግ ይዛ እንደተኮራመተች ከማንም በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ፒፔት ሲሰጣችሁ ናሙና ላይ አትሞክሩት። የተጣራ ውሃ እየቀዳችሁ ሚዛን ላይ ጠብ አድርጉ፤ 100 ማይክሮ ሊትር ውሃ 0.1 ግራም ገደማ መሆን አለበት። አሥር ጊዜ ቀድታችሁ አሥሩም የሚቀራረብ ከሆነ እጃችሁ ገብቷል። ከደም ቱቦዎች ወይን ጠጅ ክዳን ያለው ኢዲቲኤ፣ አረንጓዴ ክዳን ያለው ሄፓሪን (ሁለቱም ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ) የያዘ መሆኑን ከአገር ቤት ታውቁታላችሁ፤ ምክንያቱንም አብራችሁ ያዙ። ኢዲቲኤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ካልሲየሙን ይዞ ስለሆነ፣ ካልሲየም ሊለካበት የታሰበ ደም በዚያ ቱቦ ከተቀዳ ለታሰበው አይውልም። አንድ ነገር በነካ እጄ ልበል፦ «ናሙናውን በ95 ዲግሪ አሙቁ» የሚል መመሪያ እኛ ሰበታ ላይ በፈላ ውሃ አይሳካም፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን ውሃው በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ባሕር ጠረፍ ላይ ስትደርሱ ይሳካላችኋል፤ ጎበዝ ስለሆናችሁ እንዳይመስላችሁ።

አሁን ወደ ሰዓት ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። አይጥ የሌሊት እንስሳ ናት። በላብራቶሪ ውስጥ ብዙውን ጊዜ መብራት ለ12 ሰዓት ያህል በርቶ ይቆያል፣ ለ12 ሰዓት ያህል ጠፍቶ ይቆያል፤ የሰውነቷ ሆርሞንም ይህን ተከትሎ ይወጣል ይወርዳል። ኮርቲኮስቴሮን የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን መብራት ሊጠፋ ሲል ከፍ ይላል። እናም ከአንዲት አይጥ ጠዋት የተቀዳ ደምና ማምሻው ላይ የተቀዳ ደም እኩል አይደሉም። ስለዚህ ብዙ ላብራቶሪዎች የግድግዳውን ሰዓት ትተው መብራት ከበራበት ጀምሮ ይቆጥራሉ፤ ዜድ ቲ ይሉታል። መብራት ሲበራ ዜድ ቲ ዜሮ፣ ከዚያ 6 ሰዓት ሲያልፍ ዜድ ቲ 6። ይህ የኛው አቆጣጠር ማለት ነው፤ ከንጋት ተነስቶ መቁጠር! የሌላ አገር ጀማሪ ግንባሩን ሲቋጥር እናንተ ወዲያው ይገባችኋል።

አደጋው ያለው ከዚያ በኋላ ነው። መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ሁለቱም ነው፤ ዜድ ቲውም፣ የ24 ሰዓቱ አቆጣጠርም። መብራቱ በ7:00 ከበራ ዜድ ቲ 6 ማለት 13:00 ነው። ጭንቅላታችሁ ውስጥ «ሰባት ሰዓት» ብሎ የሚያስበው ያው የቀድሞው እናንተ ስለሆነ፣ እጃችሁ 7:00 ብሎ እንዳይጽፍ ስልካችሁን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በ24 ሰዓት አድርጉት። አንዳንድ ክፍል ደግሞ ተመራማሪው ቀን ቀን ንቁ አይጥ እንዲያገኝ መብራቱ ተገልብጦ ማታ ይበራል። በጨለማው ጊዜ በሩን ከፍቶ የኮሪደር መብራት ማስገባት፣ የስልክ ባትሪ ማብራት፣ የሳምንታት ሥራ ሊያበላሽ ይችላል። ቀኑም እንዲሁ ነው። 03/04 አሜሪካዊው ማርች 4 ብሎ ያነበዋል፣ እንግሊዛዊው ኤፕሪል 3፤ የእኛ ሰው ደግሞ ሳያስበው ታኅሣሥ 3 ይለዋል። የወሩን ስም በፊደል ጻፉ።

መዝገብ የሚጻፈው በእስክሪብቶ ነው፤ እርሳስም ኮሬክተርም የለም። የተሳሳተ ቁጥር ላይ አንድ መስመር ብቻ ይሰመርበታል፣ የቀድሞው እንዲነበብ፤ ትክክለኛው ጎኑ ላይ ይጻፍና ፊርማና ቀን ይደረግበታል። አይጥ ሞታ ካገኛችሁ የምትጽፉት ያገኛችሁበትን ሰዓት ነው፣ ሞተችበት ብላችሁ የገመታችሁትን አይደለም።

የኛ ሰው የሚቸገረው ግን በመጻፉ ሳይሆን በመናገሩ ነው። ትልቅ ሰው ሲናገር አንገት ደፍቶ መስማት፣ ያልገባንን ገብቶናል ማለት፣ የፈሰሰውን በዝምታ ማለፍ አብሮን ያደገ ነው። የተሳሳተ ቱቦ ውስጥ ጠብ ያደረጋችሁ እንደሆነ እዚያው ቆማችሁ፣ ፒፔቱን ሳታስቀምጡ ተናገሩ። በዚያች ደቂቃ አንድ ቱቦ ተጥሎ ነገሩ ያበቃል። ዝም ከተባለ ቁጥሩ ከሌሎች ቁጥሮች ጋር ይቀላቀልና ከስድስት ወር በኋላ ማንም ፈልጎ አያገኘውም። ጤናማ ላብራቶሪ ውስጥ በዚህ የሚቆጣ አለቃ ብዙም አይገጥማችሁም፤ የሚያባርሩት የደበቀውን ነው።

አንዱ የሰፈር ልጅ ደውሎ «ጋሼ፣ ዶክተሯ በስሜ ጥራኝ አለችኝ፤ አፌ እምቢ አለ» አለኝ። «እሷ ካለችህ ጥራት፣ ክብሯን በሥራህ ትሰጣታለህ» አልኩት። ካላሉ ግን ዶክተር እያላችሁ መጀመር አያስነውርም። ሌላ፦ «አዎ» ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ መሳባችንን እዚያ ማንም አያውቀውም። የእንስሳት ጠረጴዛ አጠገብ እንዲህ ስትሉ አይጥ የነከሰቻችሁ ይመስላቸዋል።

እንስሳ ከመንካታችሁ በፊት ሕጉ ይቀድማል። አሜሪካ ውስጥ በየተቋሙ ፕሮቶኮል፣ ማለትም የሙከራውን ዝርዝር ዕቅድ የሚያጸድቅ የእንስሳት አጠቃቀም ኮሚቴ አለ፤ ስማችሁ ፕሮቶኮሉ ላይ ሳይገባና ሥልጠናውን ሳትጨርሱ እጃችሁን አታስገቡ። እንግሊዝ በ1986ቱ ሕግ መሠረት ሙከራውን የሚሠራ ሰው የግል ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በ2010 የወጣውን መመሪያ ይከተላሉ። የሁሉም መሠረት በ1959 ሁለት እንግሊዛውያን ያቀረቡት ሐሳብ ነው፦ እንስሳን በሌላ ዘዴ መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስ፣ ሥቃዩን ማቅለል። ቸኩሎ «አንዴ ያዝልኝ» የሚል ባልደረባ ሲያጋጥም «ስሜ ገና አልገባም» ማለት ነውር የለውም።

ጤና ላይ ሁለት ነገር። የአይጥ ሽንትና ፎቆት አለርጂ ያመጣል፤ በማስነጠስና በዓይን ማሳከክ ጀምሮ ወደ አስም ሊያድግ ይችላል። «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ቶሎ ካመለከታችሁ የተሻለ ማስክ ወይም ሌላ ሥራ ይሰጣችኋል። ሁለተኛው፣ ከዝንጀሮ ጋር የሚሠራ ሰው የቲቢ ምርመራ ይደረግለታል። አገር ቤት የቢሲጂ ክትባት ስለወሰድን በቆዳ የሚደረገው ምርመራ ያለ በሽታ ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ክትባቱን መውሰዳችሁን ተናግራችሁ በደም የሚደረገውን ጠይቁ፤ እሱን ቢሲጂ አያሳስተውም።

አሳማም አለ። የልብና የደም ዝውውር ጥናት ላይ በብዛት የሚሠራበት እንስሳ ስለሆነ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በቃለ መጠይቁ ወቅት የትኛው እንስሳ ላይ እንደሚመደብ ይጠይቅ። ከተቀጠሩ በኋላ አልነካም ከማለት በፊት መጠየቅ ይሻላል። መግደሉም የሥራው አካል ነው። ለፋሲካ በግ ያረደ ልጅ ቀላል መስሎት ይገባና ይከብደዋል፤ እዚያ በስመ አብም ቢስሚላህም የለም፣ የሚበላም የለም፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም በማደንዘዣ ይሆንና ወደ ማቃጠያ ይሄዳል። ከከበዳችሁ ለአለቃችሁ ንገሩ፤ ብዙ ቦታ ተራ ያወጡለታል። በጾም ወቅት ደግሞ ጥቃቅን ቀዶ ሕክምና የሚሠራበትን ቀን ከባዶ ሆድ ጋር እንዳይገጥም ማመቻቸት የእናንተ ፋንታ ነው፤ እጅ ይንቀጠቀጣል።

የወረቀቱን ጉዳይ ባጭሩ። አሜሪካ በኤፍ 1 ቪዛ ያለ ተማሪ ትምህርት ባለበት ጊዜ ካምፓስ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ብቻ ይሠራል፤ «አርብ ማታ ትንሽ ልጨምር» አትበሉ። በዲቪ የሄዳችሁ ዲግሪያችሁን አስገምግሙ፣ የእንስሳት ተንከባካቢነት ማረጋገጫ ፈተናዎችም ስላሉ ተመልከቷቸው። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚያዝ አጻጻፉን በፓስፖርቱ መሠረት አንድ አድርጉት፤ የመዝገብ ፊርማችሁም ከሱ ጋር ይስማማ።

ሥራ ስትለቁ የድጋፍ ደብዳቤውን ቀድማችሁ፣ አለቃው ሻንጣውን ለጉባኤ ሳያስር ጠይቁ። ከጥያቄው ጋር የምትችሏቸውን ሥራዎች ዘርዝራችሁ ስጡ፦ ደም መቅዳት፣ ማደንዘዝ፣ የደም ግፊት መለካት፣ የትኛው እንስሳ ላይ፣ ከመቼ እስከ መቼ። ዝርዝሩን ከመዝገባችሁ ታወጡታላችሁ። መዝገቡ ራሱ ግን የላብራቶሪው ንብረት ነው፤ ይዛችሁ አትወጡም፣ ገጾቹንም ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታነሱም።