«ሣር አጫጁ»ን ስታነቡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሚያሞቶ ኡሳጊ ጥንቸል ነው። ረጃጅም ጆሮዎቹን አናቱ ላይ አሥሮ፣ ሁለት ጎራዴ ታጥቆ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጃፓን መንገዶች ላይ የሚንከራተት ጌታ የሌለው ሳሙራይ። ኪዮቶ ተወልዶ ሃዋይ ያደገው ሥዓሊና ደራሲ ስታን ሳካይ ከዚህ ጥንቸል ጋር ያስተዋወቀን በ1984 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም እንደዚያው አቆጣጠር ናቸው)። «ኡሳጊ ዮጂምቦ» ከተባለው ከዚህ ረጅም ኮሚክ ውስጥ እኔ ደጋግሜ የምመለሰው ወደ 12ኛው ጥራዝ፣ ስለ አንድ ጥንታዊ ሰይፍ ወደሚተርከው ወደ «ሣር አጫጁ» ነው። በ1999 ለተከታታይ ታሪክ የሚሰጠውን የኮሚክ ሽልማት፣ አይስነርን፣ ያገኘውም ይኸው ነው። መጽሐፉን ካዋስኳቸው ወዳጆቼ አንዳንዶቹ ግን «ጥሩ ነው፤ ግን ለአንድ ሰይፍ ይህን ያህል?» እያሉ መልሰውልኛል። ጥያቄው የሚመጣው ከአነባበብ ይመስለኛል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት መቅድሙን መዝለል ነው። ኡሳጊ እስኪመጣ የማይታገሥ አንባቢ እነዚያን የመጀመሪያ ገጾች ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ያልፋቸዋል። እኔም መጀመሪያ ላይ እንዲሁ አድርጌ ነበር፤ የታሪኩ ግማሽ አመለጠኝ። ሳካይ የሚጀምረው ዓለም ሲፈጠር ነው፤ ከኢዛናጊና ከኢዛናሚ። ቀጥሎ የማዕበሉ አምላክ ሱሳኖ ስምንት ራስ ያለውን ዘንዶ ሳኬ አጠጥቶ ካሰከረ በኋላ ይቆራርጠዋል። ከጅራቱ ሰይፍ ይወጣል። ሱሳኖም ለእህቱ፣ ለፀሐይ አምላክ ለአማቴራሱ ገጸ በረከት ያደርገዋል። ዘመናት አልፈው ሰይፉ ከልዑል ያማቶ ታኬሩ እጅ ይገባል። ጠላቶቹ ሜዳ ላይ አታልለው ሣሩን በእሳት ሲለቁበት በዙሪያው ያለውን ሣር በሰይፉ አጭዶ ይተርፋል። «ኩሳናጊ»፣ ሣር አጫጅ፣ የተባለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከዚያ 1185 ይመጣል፤ የዳን ኖ ኡራ የባሕር ላይ ጦርነት። የታይራ ወገን በተቀናቃኞቹ በሚናሞቶዎች ድል መሆኑ ሲታወቅ አያቲቱ የስድስት ዓመቱን ንጉሠ ነገሥት አንቶኩን አቅፋ ከመርከቡ ወደ ባሕር ትዘላለች። ሰይፉም አብሮ ይሰጥማል። የንግሥና ምልክቶቹ ሦስት ነበሩ፤ መስተዋቱና ዕንቁው ተገኙ፣ ሰይፉ ቀረ። እዚህ ገጽ ላይ ቆም በሉ። ከአራት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የታሪኩ ሴረኞች በጠንቋይ ኃይል ሰይፉን ከባሕር ሊያወጡ ሲነሡ፣ ሕፃኑን ያላየ አንባቢ የሚታየው ስለት ያለው ብረት ብቻ ነው። ያየው ግን አንድ መንግሥት ከነሕፃኑ የሰጠመበትን ውኃ ያስታውሳል።

ሌላው ስህተት እንስሳቱን በተረት ዐይን ማየት ነው። እኛ ልጅ ሆነን በሰማነው ተረት ዝርያው ራሱ ጠባይ ነው፦ ጅብ ሆዳም፣ ጦጣ ብልጥ፣ አንበሳ ንጉሥ። ይህን ይዞ የገባ ሰው ድመቷን ቶሞኤን ባየ ቁጥር ክህደት ይጠብቃል። ቶሞኤ ግን ለወጣቱ መስፍን ለኖሪዩኪ እስከ ሞት የታመነች ሳሙራይ ናት፤ ጌታዋ ደግሞ ፓንዳ ነው። አውራሪሱ ጌን ገንዘብ ወዳድ የወንጀለኛ አዳኝ ቢሆንም ከቆዳው በታች ሌላ ሰው አለ። የሳካይ እንስሳት ጠባያቸውን የሚያሳዩት በሥራቸው ነው፤ በጆሯቸውና በቀንዳቸው አይደለም። ሥዕሉ ደስ ስለሚል ብቻ ለሕፃን ልጅ መስጠትም ልክ አይመስለኝም። ሰው ይሞታል፤ ብዙ ሰው። የሚሞተው ሁሉ ከአፉ ትንሽ የራስ ቅል የተሳለባት የንግግር ፊኛ ትወጣለች። ደም በገጹ ላይ ስለማይፈስ የሞቱ ክብደት ቀለለ ማለት አይደለም።

«ሰይፉ እኮ ናጎያ፣ አትሱታ መቅደስ ውስጥ ነው ይባላል፤ ደራሲው ተሳስቷል» የሚል ትችትም ይነሣል። አልተሳሳተም። ስለ ሰይፉ ከጥንት ጀምሮ የሚጋጩ ወሬዎች አሉ፦ አንዱ ባሕር የገባው ዋናው ነው ይላል፣ ሌላው የሰጠመው ቅጂ ነበር፣ ዋናው ከመቅደሱ አልወጣም ይላል። ሳካይ የመጀመሪያውን መርጦ በመቅደሱ ያለውን ቅጂ አድርጎታል። የአትሱታው ሰይፍ ለሕዝብ ዕይታ ስለማይወጣ ልብ ወለድ የሚገባበት ቀዳዳ ሰፊ ነው። ታቦት ተሸፍኖ ሲወጣ እያየ ላደገ አንባቢ፣ የማይታይ ቅዱስ ዕቃ የሚታየውን ያህል ሰው ሊያንቀሳቅስ እንደሚችል ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ ልቡ ልግባ። ብዙዎች ይህን ታሪክ እንደ ሀብት ፍለጋ ያነቡታል፦ ክፉዎቹ ሰይፉን ይፈልጋሉ፣ ደጎቹ ይቀሟቸዋል፣ አለቀ። የሴረኞቹን ዓላማ ግን አጢኑ። ሾጉኑን፣ አገሩን በተግባር የሚገዛውን የጦር አለቃ፣ ጥለው ሥልጣኑን ለንጉሠ ነገሥቱ መመለስ ነው የሚሹት። በታሪክ እንደምናውቀው ቶኩጋዋ ኢየያሱ በ1600 ሴኪጋሃራ ላይ ድል አድርጎ በ1603 ሾጉን ሆነ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ኪዮቶ ውስጥ ስምና ክብር ብቻ ይዞ ተቀመጠ። በዚህ ዐይን ሴረኞቹ ባለ መብቱን የሚረዱ ናቸው። የሚያመጡት ግን አገሩ ገና የተገላገለውን ጦርነት ነው። ታዲያ ሰይፉ እጃቸው የገባ ደጎች ለማን ይስጡት? ለንጉሠ ነገሥቱ ቢሰጥ ጦርነት፤ ለሾጉኑ ቢሰጥ የሥልጣኑ ማኅተም፤ ለአንድ መስፍን ቢሰጥ ለዚያ መስፍን ጥፋት። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው በዚህ ጥያቄ ነው፤ ባለቤት ሊኖረው የማይገባ ነገር እጅህ ሲገባ ምን ታደርጋለህ?

ለዚሁ ጥያቄ ቁልፍ የሆነው ኢኬዳ ነው፤ አንባቢም ቸል የሚለው እሱን ነው። ድል የተነሣ የጦር አዛዥ ነበር፤ ገበሬ መስሎ ተደብቆ የበቀሉን ቀን ሲጠብቅ ዓመታት አለፉ። ቀኑ ሲደርስ ግን ልቡ ከእርሻውና ከቤተሰቡ ጋር ቀርቶ አገኘው። ይህ የተነገረው ስለ ሸረሪት ትዕግሥት በሚያወራ አጭር ታሪክ ውስጥ ነው። እሱን ሳያነቡ ወደ «ሣር አጫጁ» መግባት ይቻላል፤ ኢኬዳ በሥልጣን ምልክት ፊት ሲቆም ምን እየታገለ እንደሆነ ግን አይገባችሁም።

ስለ ስም ደግሞ በአጭሩ፦ «ዮጂምቦ» ስሙ አይደለም፤ ጠባቂ ማለት ነው፣ የእንጀራ ሥራው። ጃፓኖች የቤተሰብ ስም ስለሚያስቀድሙ የራሱ ስም ኡሳጊ ነው፤ ትርጉሙም ጥንቸል። ሚያሞቶ የተባለው ለታዋቂው ጎራዴኛ ለሚያሞቶ ሙሳሺ መታሰቢያ ነው።

የመጨረሻው ስህተት 12ኛውን ጥራዝ ከድኖ ማረፍ ነው። ሰይፉ ገና መንገድ አለው። በ15ኛው ጥራዝ ኡሳጊና ካህኑ ሳንሾቦ ማንም ሳያውቅ ወደ አትሱታ ሊያደርሱት ይነሣሉ፤ ኒንጃዎች ይከተሏቸዋል። ቢሳካላቸው ዋናው በቅጂው ቦታ ይቀመጣል፤ ለመቅደሱም ሆነ ለአገሩ ምንም የተለወጠ ነገር አይኖርም። ያን ጥራዝ ስትከፍቱ ይህን አስቡ፦ እነዚህ ሰዎች ነፍሳቸውን አስይዘው የሚሄዱት ማንም ለማያውቅላቸው ሥራ ነው።