ፌደራል መንግሥትና ግዛቶች በሥልጣን ሲሟገቱ ጉዳዩን እንዴት መመርመር ይቻላል

በአሜሪካ አንድ ግዛት የፌደራሉን መንግሥት ከሰሰ የሚል ዜና በተሰማ ቁጥር አብዛኛው ሰው ከሳሹ የየትኛው ፓርቲ ሰው እንደሆነ አይቶ ወዲያው ይፈርዳል። ፍርድ ቤቶች የሚጠይቁት ጥያቄ ግን ሌላ ስለሆነ በዚህ መንገድ የተደረሰበት ግምት ብዙ ጊዜ ይከሽፋል። የሚከተለው መመሪያ በአሜሪካ የሚኖርም ሆነ ጉዳዩን ከሩቅ የሚከታተል አንባቢ እንዲህ ያለውን ሙግት ደረጃ በደረጃ እንዲመረምር የሚረዳ ሲሆን፣ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምርመራው የሚጀምረው ማዕከላዊው መንግሥት ሥልጣኑን ከየትኛው የሕገ መንግሥት ድንጋጌ እንዳገኘ በመጠየቅ ነው። የግዛቶች መብት ተሟጋቾች በ1791 የጸደቀውን 10ኛውን ማሻሻያ ያስቀድማሉ። ማሻሻያው ለፌደራሉ መንግሥት ያልተሰጠና ለግዛቶች ያልተከለከለ ሥልጣን ለግዛቶች ወይም ለሕዝቡ የተጠበቀ መሆኑን ይደነግጋል፤ የተሰጠው የትኛው እንደሆነ ግን አይነግረንም። ዝርዝሩ ያለው በአንቀጽ 1 ክፍል 8 ስለሆነ መነበብ ያለበት በቅድሚያ እርሱ ነው፤ ግብር መጣል፣ በግዛቶች መካከል የሚካሄደውን ንግድ መቆጣጠር፣ ዜግነት የሚሰጥበትን ደንብ ማውጣት፣ ጦርነት ማወጅና ሌሎችም እዚያ ተቀምጠዋል። በመጨረሻም ኮንግረስ እነዚህን ሥልጣኖች ሥራ ላይ ለማዋል አስፈላጊና ተገቢ የሆኑ ሕጎችን እንዲያወጣ ይፈቀድለታል። ሜሪላንድ በፌደራሉ ባንክ ላይ ግብር በጣለች ጊዜ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1819 ይህን የመጨረሻ ሐረግ ሰፋ አድርጎ ተረጎመው፤ ሕገ መንግሥቱ ስለ ባንክ አንዳች ባይናገርም ኮንግረስ ባንክ ማቋቋም ይችላል፣ ግዛቲቱም ልትቀርጠው አትችልም ሲል ወሰነ።

የኢትዮጵያን ሕገ መንግሥት የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። አንቀጽ 52 ለፌደራሉ መንግሥት ተለይቶ ያልተሰጠ ሥልጣን የክልሎች መሆኑን ስለሚናገር ሁለቱ ሥርዓቶች አንድ ዓይነት ሊመስሉ ይችላሉ። ሆኖም በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲሆን በአሜሪካ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት ዳኞች ናቸው። በአንቀጽ 39 የሰፈረው የመገንጠል መብትም በአሜሪካ አቻ የለውም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1869 ቴክሳስን በሚመለከት ጉዳይ አንድ ግዛት በራሷ ውሳኔ ብቻ ከኅብረቱ ልትወጣ እንደማትችል አስታውቋል።

ከዝርዝሩ ውስጥ የማዕከሉን ሥልጣን ከሁሉ ይበልጥ ያሰፋው የንግድ ድንጋጌው ነው። ሮስኮ ፊልበርን የተባለ የኦሃዮ ገበሬ በፌደራል ሕግ 11.1 ኤከር ስንዴ እንዲዘራ ተፈቅዶለት 23 ኤከር ዘራ፤ በተቀጣም ጊዜ ትርፉ ለገዛ እርሻው ፍጆታ እንጂ ለገበያ አይደለም ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ በ1942 የሰጠው መልስ የአንድ ገበሬ ስንዴ ብቻውን ኢምንት ቢሆንም እንደ እርሱ ያደረጉት ሁሉ ሲደመሩ የአገሪቱን የስንዴ ዋጋ ይነካሉ የሚል ነበር። በዚህ ስሌት ከኮንግረስ እጅ የሚያመልጥ ነገር ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ እኔም እስካሁን አሳማኝ ሆኖ አላገኘሁትም። ልጓም የመጣው በ1995 ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱ በትምህርት ቤት አካባቢ ጠመንጃ መያዝን የሚከለክለውን የፌደራል ሕግ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ሽሮ ጠመንጃ መያዝ በራሱ የኢኮኖሚ ተግባር አይደለም አለ። ስለዚህ በንግድ ድንጋጌ ላይ የቆመ ሕግ ሲያጋጥም ሕጉ የሚቆጣጠረው ድርጊት ከምርት፣ ከሽያጭ ወይም ከፍጆታ ጋር በቀጥታ የሚያያዝ መሆኑን ማየት ይገባል።

ሥልጣኑ መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ ትእዛዙ ለማን ተጻፈ የሚለው ነው። ኮንግረስ ዜጎችን በቀጥታ ማዘዝ ይችላል፤ የግዛት ሹማምንትን ግን እንደ ራሱ ሠራተኞች ማሰማራት አይችልም። በ1997 የሞንታናና የአሪዞና ሁለት ሸሪፎች የጠመንጃ ገዥዎችን ማንነት እንዲያጣሩ የሚያስገድዳቸውን የፌደራል ሕግ ተቃውመው የረቱት በዚህ ምክንያት ነበር። ያኔ የተደሰቱት በአብዛኛው ወግ አጥባቂዎች ነበሩ። ዛሬ ደግሞ ፖሊሶቻቸው የኢሚግሬሽን ሥራ እንዳይሠሩ የሚከለክሉ ከተሞችና ግዛቶች የሚጠቅሱት ይህንኑ ውሳኔ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን አለመተባበርና ማደናቀፍ የተለያዩ መሆናቸው ነው፤ ከተማው ፖሊሶቹን ቢከለክልም የፌደራል ወኪሎች በዚያው ከተማ ውስጥ የራሳቸውን ሥራ ከመሥራት አይታገዱም።

ማዕከሉ ማዘዝ በማይችልበት ቦታ ብዙ ጊዜ ገንዘብ ይዞ ይመጣል፤ በእኔ ግምት ያለፉት መቶ ዓመታት እውነተኛ የሥልጣን ሽግግር የተካሄደውም በዚህ በር ነው። በ1913 የጸደቀው 16ኛው ማሻሻያ የገቢ ግብርን ሲፈቅድ ለዋሽንግተን ሰፊ የገቢ ምንጭ ሰጠ፤ በዚያው ዓመት የጸደቀው 17ኛው ማሻሻያ ደግሞ የሴኔት አባላትን የመምረጥ ሥልጣን ከግዛት ምክር ቤቶች ወደ ሕዝቡ ስላዛወረ ግዛቶች በኮንግረስ ውስጥ የነበራቸውን ቀጥተኛ እጅ አጡ። የመጠጥ ዕድሜ ታሪክ አሠራሩን በግልጽ ያሳያል። ኮንግረስ በ1984 ግዛቶች ከ21 ዓመት በታች ላሉ ወጣቶች አልኮል እንዳይሸጥ እንዲከለክሉ አላዘዘም፤ ካልከለከሉ ግን ከፌደራል የመንገድ በጀታቸው የተወሰነ መቶኛ እንደሚያጡ ደነገገ። ሳውዝ ዳኮታ ከሰሰች፤ በ1987 ተረታች። የሚቀርባት 5 በመቶ ብቻ ስለሆነ ይህ ማግባቢያ እንጂ ማስገደጃ አይደለም ተባለ። በ2012 ግን ኦባማኬር በመባል በሚታወቀው የጤና መድኅን ሕግ ላይ በተካሄደው ክርክር ውጤቱ ተገለበጠ፤ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድኅን፣ ሜዲኬይድን፣ ለማስፋፋት ያልፈለገች ግዛት ቀድሞ የምታገኘውን የሜዲኬይድ ገንዘብ በሙሉ ልታጣ ትችል ስለነበር፣ ያም ከአንድ ግዛት አጠቃላይ በጀት ከ10 በመቶ የሚበልጥ በመሆኑ፣ ፍርድ ቤቱ ጭንቅላት ላይ የተደገነ ጠመንጃ ነው ብሎ አገደው። ቨርጂንያ በ2019 ሜዲኬይድን ስታሰፋ ቴክሳስ አሁንም ያላሰፋችው በዚህ ውሳኔ ምክንያት ምርጫው የየግዛቱ ስለሆነ ነው። እንግዲህ የገንዘብ ቅድመ ሁኔታ ያለበትን ሕግ የሚመረምር ሰው መጠኑን ከግዛቱ በጀት ጋር ያነጻጽር፤ ቅድመ ሁኔታውም ገንዘቡ ከተሰጠበት ዓላማ ጋር ዝምድና እንዳለው ይይ።

ሁለቱም ሕግ ማውጣት በሚችሉበት ጉዳይ ላይ የፌደራሉ ሕግ የበላይ ነው፤ ነገር ግን ሕጉ ወለል (ግዛቶች ከዚያ በላይ መሄድ የሚችሉበት ዝቅተኛ መጠን) ነው ወይስ ጣሪያ (ሊያልፉት የማይችሉት ወሰን) የሚለው መለየት አለበት። የፌደራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ሲሆን ወለል ስለሆነ ሜሪላንድ 15 ዶላር ብታደርገው የሚከለክላት የለም። በኢሚግሬሽን ግን አሪዞና የራሷን ጠንካራ ሕግ ባወጣች ጊዜ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 ከቀረቡለት አራት ድንጋጌዎች ሦስቱን ሽሯል።

የመጨረሻው ሥራ ተሟጋቹን በታሪክ መመዘን ነው። የግዛት መብት የባርነት ሥርዓት መከላከያ ብቻ ነበር የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ለባለቤቶቻቸው እንዲመለሱ የሚያስገድደው የ1850ው የሸሹ ባሮች ሕግ የፌደራል ሕግ ነበር፤ በግዛት ሥልጣን ስም የተቃወሙት ሰሜኖች ሲሆኑ የዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል እስከ ማለት ደርሶ በ1859 በዋሽንግተን ተሽሮበታል። ሳውዝ ካሮላይና በታኅሣሥ 1860 ለመገንጠሏ ምክንያት ብላ ከዘረዘረቻቸው አቤቱታዎች አንዱ የሰሜን ግዛቶች ይህን የፌደራል ግዴታ አለመፈጸማቸው ነበር። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ የአርካንሶ አገረ ገዥ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ሊትል ሮክ ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ሲከለክል የግዛቱን ሥልጣን ጠቀሰ፤ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1957 101ኛውን አየር ወለድ ክፍለ ጦር ላከ። ስለዚህ ስለ ግዛት መብት የሚናገረውን ፖለቲከኛ፣ የራሱ ፓርቲ ዋሽንግተንን በያዘ ጊዜ ምን ብሎ እንደነበር መፈተሽ ተገቢ ነው።

ይህ ሁሉ በአሜሪካ የሚኖረውን አማርኛ ተናጋሪ በቀጥታ እንደሚነካ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ አለ። ቨርጂንያና ሜሪላንድ አዋቂዎች የተወሰነ መጠን ማሪዋና እንዲይዙ ይፈቅዳሉ። ነገር ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2005 የካሊፎርኒያን ጉዳይ ሲያይ የፊልበርንን ስንዴ ጠቅሶ የግዛቱ ፈቃድ የፌደራሉን ክልከላ እንደማያስቀር ወስኗል፤ የፌደራሉ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤትም በ2019 ባወጣው መመሪያ ግዛቱ ቢፈቅድም በማሪዋና ንግድ መቀጠርን ጨምሮ የፌደራል ሕግ የሚጥስ ድርጊት ዜግነት ለሚጠይቅ ሰው የመልካም ጠባይ መስፈርትን ሊያሳጣ እንደሚችል ገልጿል። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ከመያዙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር፤ የግዛቱን ሕግ ብቻ አንብቦ አይፈርም።